ልጄ «ጭላዳ ልሁን» አለ፤ አያቱ «አንበሳ ይሁን» አሉ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ኬጂ አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች ቀን ያከብራል። መምህርቷ ‹እያንዳንዱ ልጅ የአገራችንን አንድ እንስሳ መርጦ፣ እሱን መስሎ ይምጣ› ብላለች። ልጄ ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ ‹ጭላዳ!› አለ። ለፋሲካ አባቱ ደባርቅ ወስዶት፣ ፓርኩ ውስጥ ገብተው አይቷቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። የዳባት ሰው ናቸው። ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። ‹በልጅነቴ በወንጭፍ ከገብስ ማሳ ሳባርረው የኖርኩትን አውሬ የልጄን ልጅ ታስመስሉታላችሁ? በሰው ፊት ዝንጀሮ ይባል?› አሉ። አንበሳ ይሁን ነው የሚሉት። ሣጥናቸው ውስጥ የአባታቸው ለምድ አለ። ‹ከእሱ ቆርጠሽ ጎፈር ሥሪለት› ብለውኛል። ባለቤቴ መሃል ላይ ሆኖ ዝም ብሏል። ሌሎቹ እናቶች ደግሞ ከአዲስ አበባ የተገዛ የአንበሳና የነብር ልብስ እያስመጡ ነው። እኔ ከ500 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። የስፌት መኪና የለኝም፤ መርፌ ግን እይዛለሁ። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ምን ላድርግ? ከሠራሁትስ ምኑን ከምን ልሥራው?»

እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፤ ከዚያ እናወራለን። ልጁ ጭላዳ ይሁን። አንበሳውን ለሌሎቹ ተዪላቸው።

ይህን የምለው አያቱን ንቄ አይደለም። እሳቸው ጋ እመለሳለሁ። እንዲያውም ይህ ልብስ ያለ እሳቸው የሚያምር አይመስለኝም። ግን የአራት ዓመት ልጅ «እንስሳ ምረጥ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በቴሌቪዥን ያየውን ወይም ጓደኛው የመረጠውን ነው። ያንቺ ልጅ በዓይኑ ያየውን መረጠ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ብርዱን ችሎ፣ ሣር ሲነጩ አያቸው። ወደዳቸው። ይህን ከእጁ ቀምተን አንበሳ ብናደርገው የሚለብሰው የእኛን ምርጫ ነው። ልጅ ያልመረጠውን ልብስ ለብሶ ሰው ፊት ሲቆም ደግሞ ያስታውቃል። እጁን አንጠልጥሎ፣ እናቱን በዓይኑ እየፈለገ ይቆማል።

«ዝንጀሮ ይባል?» ላሉት ግን መልስ ያስፈልጋል። በእኛ አፍ ዝንጀሮ ስድብ ነው፤ አልክድም። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» እየተባልን ነው ያደግነው። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ግን ወንዱን ጭላዳ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ጎፈሩን ነፋስ ሲበትነው ያየ አይመስለኝም።

አማትሽ የፈሩት ሊደርስ ይችላል። አንድ ሁለት ልጅ ሊስቅ ይችላል። የሚያስቀው ግን እንስሳው አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ቡናማ ፒጃማ አልብሰሽ፣ ሁለት ጆሮ ቀጥለሽበት ብትልኪው «ዝንጀሮ» ይሉታል። ጎፈሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ምልክት ጎልቶ ከመጣ ግን ወደ ስሜን የወጣ ሰው ሁሉ ገና በር ላይ «ጭላዳ!» ይላል። ያለነው ጎንደር ነው። ደባርቅ ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተቀመጡት ወላጆች መካከል አስጎብኚ ወይም ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌር አይጠፋም። እነሱ ቀድመው ያጨበጭባሉ።

ልጁን ደግሞ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አስጠኚው። «እኔ ጭላዳ ነኝ። የምኖረው ኢትዮጵያ ብቻ ነው። የምበላው ሣር ነው።» ሦስቱም እውነት ናቸው። ጭላዳ ከአገራችን ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም በዱር አይገኝም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሆኖ እንደ ከብት ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ሲባል ደስ ይለናል አይደል? ጭላዳም እዚያው ገደል ላይ የዋልያ ጎረቤት ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የእኛው የፋሲል ግቢ እንኳ ገና አልተመዘገበም ነበር፤ እሱ የገባው በዓመቱ በ1979 ነው። አንድ ልጅ «ዝንጀሮ ነህ» ቢለው «አይደለሁም፣ ጭላዳ ነኝ» ማለት ከቻለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን ቤት ውስጥ ተለማመዱት። አንቺ «ዝንጀሮ!» በዪው፣ እሱ ይመልስልሽ። ከእናቱ ጋር እየሳቀ የለመደው መልስ ትምህርት ቤትም አይጠፋበትም።

አሁን ወደ አማትሽ እንምጣ።

ከቤታችሁ ሰው ሁሉ ጭላዳን አብልጠው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ልጁ አንድ ቀን ነው ያየው። እሳቸው ልጅነታቸውን አብረውት ነው ያሳለፉት። ገብሱ ሲያሽት ማሳ ዳር ውለው፣ በብርድ ተቆራምደው፣ ወንጭፍ ይዘው ጠብቀዋል። መንጋው አንድ ጊዜ ማሳ ውስጥ ገብቶ ከወጣ ለገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከተማ ያደግን ሰዎች አናውቀውም። ቁጣቸው ከዚያ የመጣ ነው፤ ሊከበር ይገባዋል። ስለዚህ «ዘመኑ ተለውጧል» አትበያቸው። ከጀርባቸው ሠርታችሁ በዕለቱ እንዳታስደነግጧቸውም።

ማታ ቡና ሲፈላ ልጁ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይጠይቃቸው። «ጭላዳ እንዴት ነው የሚቀመጠው? ሲቆጣ ምን ያደርጋል? እንዴት ነው የሚጮኸው?» አንቺ ዝም በዪ። እሳቸው ይነግሩታል። በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣሩን በሁለት እጁ እየነጨ ሲሄድ፣ ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ፣ ይህን ሁሉ እሳቸው አይተዋል። የልጅ ልጅ እንደዚያ ቁጭ ብሎ ሲጠይቅ ዝም የሚል አያት አላየሁም። ስለ ወንጭፉም ይንገሩት። እሱም ታሪክ ነው።

ለምዱን ግን አትቁረጪው። እባክሽ። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው የፈቀዱት። አንዴ መቀስ ከገባበት ግን የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ከዓመት በኋላ እሳቸውም ያዝናሉ። አሮጌ ቆዳ ደግሞ የስንት ዘመን አቧራና የብል መድኃኒት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ለትንሽ ልጅ አንገትና አፍንጫ አይሆንም። «ይህስ አድጎ ሲረዳው ከእጅዎ ይቀበል» በያቸው። እሳቸው የፈለጉት ጎፈር አይደል? ጭላዳም ጎፈር አለው። ጎፈሩን ከእሳቸው ክር እንሥራው።

ጋቢ ሊያሠሩበት ያስቀመጡት ፈትል ካላቸው ሦስት አራት ልቃቂት ለምኛቸው። ከሌላቸው ባዘቶና እንዝርት አቅርቢላቸው። የእጅ ፈትል አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ለጎፈር የሚያምረው እንዲህ ያለው ነው። የፋብሪካ ክር ሁሉ ልክ ሆኖ ስለሚወርድ መጋረጃ ይመስላል።

አሁን ወደ ሥራው።

ገንዘብሽን አንድ ነገር ላይ አውጪው። እሱም ኮፍያ ያለው፣ ፊት ለፊት በዚፕ የሚከፈት ሹራብ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ ይሁን። ቅዳሜ ገበያ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት ዘንድ በጠዋት ሂጂ፤ ከረፈደ የልጆቹ ልክ ያልቃል። በልኩ አትግዢ፤ አንድ ቁጥር የሚበልጠውን ውሰጂ። ኮፍያው ውስጥ የሚያልፍ ማሰሪያ ገመድ ካለው እዚያው መዝዘሽ ጣዪው። ልጆች ሲሯሯጡ ገመዱ በር ላይ ወይም ዥዋዥዌ ላይ ይያዝና አንገት ያንቃል። በአጠቃላይ ከዚህ ልብስ ላይ አንገት ዙሪያ የሚታሰር ምንም ነገር አይኑር። ጎፈሩንም ለብቻው ሠርተሽ አንገቱ ላይ አትሰሪው፤ ሹራቡ ላይ ስፊው።

ቀጥሎ ክሩን ቀለም እናስይዘው። ነጭ ፈትል እንዳለ ቢሰፋ በግ ነው የሚመስለው። የጭላዳ ጎፈር ሥሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ወደ ጫፉ የገለባ መልክ ይይዛል። ይህን ቀለም ከወጥ ቤትሽ ታገኚዋለሽ። ልቃቂቱን መጀመሪያ ፍቺው። ሳትፈቺ ከነከርሽው ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በክንድሽ ላይ እየጠመጠምሽ ረጅም ዙር አድርጊውና እንዳይወሳሰብ ሦስት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው። በንጹሕ ውኃ አርጥቢው። ሁለት ሊትር ውኃ ውስጥ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል ጨምረሽ ሩብ ሰዓት አፍዪና አጥልዪው። ግማሹን ክር እዚያ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ይህ የገለባው መልክ ነው። ለሌላው ግማሽ ሻይ ቅጠሉን እጥፍ አድርጊና የቡና አተላ ጨምሪበት፤ ጠቆር ይልልሻል። ክር ሲረጥብ ከመልኩ በላይ ስለሚጠቁር፣ ሲደርቅ ፈዘዝ ቢልብሽ አትደንግጪ። በቀዝቃዛ ውኃ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ እጠቢው፤ አለዚያ በላብ እየለቀቀ ካናቴራውን ያበላሸዋል። ጥላ ላይ አስጪው።

የጥጥ ክር ካጣሽ አሮጌ ቡናማ ሹራብ ተርትሪ። የተተረተረ ክር እንደተጠቀለለ ስለሚቀር ጎፈሩን ድፍን ያደርገዋል። የፋብሪካው ሰው ሠራሽ ክር ግን ሻይ አይይዝም፤ በከንቱ አትድከሚ።

ክሩን መጠቅለል የልጁ ሥራ ይሁን። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ቁረጪለትና ክሩን ይጠቅልልበት። ጥግግት አድርጎ፣ እየተሳሳተ፣ እየደገመ። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ይችላል፤ ይወደዋልም። አንቺ የካርቶኑ አንድ ጠርዝ ላይ ጥብጣብ ወይም ከአሮጌ አንሶላ የተቀደደ ቀጭን ጨርቅ አስጠግተሽ ክሩን ሁሉ በእሱ ላይ ስፊው። በእጥፍ ክር፣ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለስሽ ስፊ፤ ይጠነክራል። ከዚያ በሌላኛው ጠርዝ በኩል በመቀስ ክፈቺው። ጥብጣቡ ላይ የተንጠለጠለ ጎፈር ይወጣልሻል። እንዲህ እያልሽ ትቀጥያለሽ። ኮላ አትጠቀሚ። ይደርቅና ይሰበራል፤ ልጁ ቁጭ ብድግ ሲል ይረግፋል።

ሹራቡ ላይ ስትሰፊው ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ሂጂ። የሣር ጎጆ ሲከደን አይተሻል አይደል? የታችኛው ዙር ቀድሞ ይመታል፤ የላይኛው በእሱ ላይ ይወርዳል። ይህም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ዙር ትከሻ ለትከሻ ጀርባውን ይዞ ይሂድ። ሁለተኛው ኮፍያው ከሹራቡ የሚገናኝበት ስፌት ላይ ይረፍ። ሦስተኛው የኮፍያውን ጠርዝ ዙሪያውን ይያዝ። ይህን የመጨረሻውን አሳጥሪው። ከ8 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ። ጠቆር ያለውን ክር ከታች፣ የገለባውን ከላይ አድርጊ። በዚፑ ግራና ቀኝም አውርጂው። መሃሉን ግን ባዶ ተዪው። እጁ ላይ ከክርኑ በታች እንዳይወርድ። ክርኑን ካለፈ ሲበላ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ሲጫወት ይጠላለፋል።

መሃሉን ባዶ ተዪው ያልኩሽ ለደረቱ ነው። ጭላዳን ጭላዳ የሚያደርገው ደረቱ ነው። ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ነው። ቅርጹ ከላይና ከታች ሰፋ፣ መሃሉ ላይ ጠበብ ይላል፤ እንደ መሶብ ወገብ። ከዙሪያው ነጣ ያለ ፀጉር ይከበዋል። የመንጋው መሪ የሆነው ወንድ ደረቱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ ደማቅ ቀይ ምረጪ። ካረጀ ቀይ ካናቴራ ላይ ቁረጪና ከውስጥ በሚለብሰው ካናቴራ ደረት ላይ ስፊው። ዳር ዳሩን በነጭ ክር ሥሪው። ጨሌም ሆነ ቁልፍ አትደርድሪበት፤ ተበጥሶ ወድቆ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል። ዚፑን እስከ ሆዱ ዝቅ ስታደርጊው ቀዩ በጎፈሩ መሃል ይታያል። ሲሞቀው ሹራቡን ቢያወልቅ እንኳ ቀዩ ደረት አብሮት ይቀራል።

ሱሪው ተራ ሱሪ ነው። ወገቡ ላስቲክ ይሁን። ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ የተሰፋ ልብስ አታስቢ። «ሽንቴ መጣ» ሲል የሚቀርሽ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ እናት ነሽና ታውቂዋለሽ። ጫማው የሁልጊዜው ጫማው ይሁን።

ጅራቱን ለባለቤትሽ ስጪው። መሃል ላይ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ሥራ ይያዝ። ከአሮጌ የሹራብ እጅ ላይ ቀጭን አድርጎ ሰፍቶ፣ ብጣሽ ጨርቅ ይሙላበት። ጫፉ ላይ ከጎፈሩ ክር አንድ እፍኝ ይሰርበት፤ የጭላዳ ጅራት ጫፉ ጉች ያለ ነው። መሬት እንዳይነካ፣ ከጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። አጠንክራችሁ አትስፉት። በሁለት ጠቅ በሚል ቁልፍ ያዙት። ሌላ ልጅ መጎተቱ አይቀርም። ሲጎተት ጅራቱ ይውለቅ፤ ልጁ አይውደቅ።

አሁን ስለ ፊቱ። ይህን ከራሴ ልንገርሽ።

ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ከካርቶን የአንበሳ ጭምብል ሠራሁላት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በጣም ያምር ነበር። የዓይኑን ቀዳዳ በእኔ ግምት ነው የቆረጥኩት። እሷ ከፊቷ ያለውን እንጂ ከእግሯ በታች ያለውን ማየት አልቻለችም። ከመድረክ ስትወርድ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ወደቀች። የካርቶኑ ጠርዝ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ደሙን እያበስኩ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቤት ውስጥ ደረጃ ላይ አላስሞከርኳትም። ያንን ቀን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ለልጅ ጭምብል ሠርቼ አላውቅም። ያንቺም ልጅ ፊቱ ክፍት ይሁን። ኮፍያውና ጎፈሩ ዙሪያውን ከከበቡት ፊቱ ራሱ ይበቃል።

ትንሽ ማጥቆር ከፈለግሽ ለፊት የተሠራ የቅንድብ እርሳስ አፍንጫው ላይ ነካ አድርጊ። ከዋዜማው በፊት ክንዱ ላይ ሞክሪውና አለመቆጣቱን እዪ። ኩል ግን አይሆንም። አያቱ «ኩል አለኝ» ሊሉ ይችላሉና አስቀድሜ ልንገርሽ። ብዙው ኩል እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ ልጅ ዓይኑን አሽቶ እጁን አፉ ይከታል፤ መርዙ ሰውነቱ ይገባል። ማርከርና የግድግዳ ቀለምም እንዲሁ ይቅርብን።

እሳትን ደግሞ አደራ። የተበተነ ክር እሳት ቶሎ ይይዛል። ጥጥ ይነዳል፤ ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልብሱን ለብሶ የከሰል ምድጃ አጠገብ አይቁም፤ ቡና ሲፈላ ያውልቅ። መምህርቷንም ጠይቂያት። ፕሮግራሙ ላይ ኬክና ሻማ ካለ ሻማው ሲበራ ከጀርባ አድርጊው ወይም ሹራቡን አስወልቂው።

ልብሱን ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ጨርሺ። ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ይልበሰው። ይቀመጥ፣ ይንፏቀቅ፣ ደረጃ ይውረድ፣ ሽንት ቤት ይግባ፣ ዳቦ ይብላ። የሚያሳክከውን ቦታ እሱ ይነግርሻል። ብዙ ጊዜ አንገቱ ነው፤ ስፌቱ ከውስጥ ሻክሮ ይሆናል። ለስላሳ ጨርቅ ሸፍኚበት።

መድረክ ላይ የሚሆነውንም አስቢበት። ቆሞ ከሚዘፍን ቁጭ ብሎ ቢጫወት ነው የሚያምርበት። አባቱ በጠዋት አንድ እስር ቄጤማ ይግዛ። ልጁ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይበተን። ወጥቶ ቁጭ ይበል፤ ቄጤማውን በሁለት እጁ እየነጨ ይንፏቀቅ፤ አያቱ እንዳሳዩት ከንፈሩን ይገልብጥ። ከዚያ ተነሥቶ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ይበል። ቄጤማውን አፉ ውስጥ እንዳይከት ብቻ ንገሪው።

የሰኔ መጨረሻ ዝናብ ነውና ሹራቡን ቤት አታልብሺው። በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ ይልበስ። የረጠበ ጎፈር ተጣብቆ ይወርዳል፤ ልጁንም ያበርደዋል።

በዕለቱ ሰው ብዛት ሲያይ «አልለብስም» ሊል ይችላል። በዚህ ዕድሜ ያለ ነገር ነው። አታስገድጂው፤ «ይህን ሁሉ ደክሜ!» አትበዪው። ካናቴራው ላይ ቀዩ ደረት አለ። በእሱ ብቻ ይውጣ። እሱም ጭላዳ ነው።

የሌሎቹ ልጆች ከአዲስ አበባ የመጣው ልብስ አያሳስብሽ። እሱም ጥሩ ልብስ ነው፤ እናቶቹም ለልጆቻቸው የቻሉትን ነው ያደረጉት። ልጅሽ «ማን ሠራልህ?» ሲባል ግን «ክሩን አያቴ፣ ጎፈሩን እማዬ፣ ጅራቱን አባዬ፣ የጠቀለልኩት እኔ» ይላል። ይህን እንዲል አታስጠኚው። ራሱ ይለዋል።

አማትሽን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫቸው። ከፕሮግራሙ በፊት ያልረገቡ እንደሆነ አትጫኛቸው። ስንት ዓመት የያዙትን ቂም በሁለት ሳምንት ይተዉታል ብለሽ አትጠብቂ። ክሩን ከሰጡ፣ አቀማመጡን ካሳዩት ብዙ ነው።

ሲያልቅ ጎፈሩን በጥንቃቄ ተርትሪውና ክሩን ለአያቱ መልሺላቸው። ሹራቡን ክረምቱን ሙሉ ይለብሰዋል፤ አንድ ቁጥር አስበልጪ ያልኩሽ ለዚህም ነው። «አይፈታም» ብሎ ካለቀሰ ግን ተዪው። ከነጎፈሩ ይልበሰው።